ያፈረሰው ዝናብ አይደለም

ወደ አየርላንድ የሚሄድ መንገደኛ የጥንት ገዳማትን ፍርስራሽ ሳያይ እንዳይመለስ ይመከራል። እርሱም ሐረግ የወረሰውን ግድግዳና ሰማይ የሚታይበትን መስኮት ተመልክቶ፥ «ጊዜ የማያፈርሰው ነገር የለም» ብሎ ይመለሳል። አነጋገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ እውነትነት ግን የለውም። የሰውን ጥፋት በጊዜ ላይ መጫን አይገባም።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በአየርላንድ የመጀመሪያው የሲስተርሲያን ማኅበር ገዳም ሜሊፎንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1142 ዓ. ም. በቅዱስ ማላኪ አሳቢነት ተተከለ። ወደ 400 ዓመት ያህል ዝናብ ሲዘንብበት ኖሮ አልፈረሰም። የተዘጋው በ1539 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ትእዛዝ መነኮሳቱ እንዲወጡ በተደረገ ጊዜ ነው። ከዚያም የመኳንንት መኖሪያ ሆነ። መነኮሳቱ ከማዕድ በፊት እጃቸውን ይታጠቡበት ከነበረው ስምንት ማዕዘን ቤት ዛሬ የቆመው ከፊሉ ብቻ ነው። ክሎንማክኖይዝንም በ1552 በአትሎን የሠፈረው የእንግሊዝ ጦር ሲዘርፈው ደወሉንና መጻሕፍቱን፥ የመስኮቱን መስታወት እንኳ አላስቀረም። በ1161 የተመሠረተው የቦይል ገዳም ደግሞ የወታደር ሰፈር ሆነ።

አንዳንዶች፥ «የሞተ ጠብ መቀስቀስ ምን ይጠቅማል? የፍርስራሹ ውበት ይበቃናል» ይላሉ። እኛም ቂም ይያዝ አላልንም። እውነት ሲነገር በሁሉም ላይ ይነገር፤ ክሎንማክኖይዝን ከእንግሊዝ ጦር በፊት ቫይኪንጎችም፥ የአየርላንድ ነገሥታት ራሳቸውም አቃጥለውታል። ነገር ግን ውበቱን ብቻ አይቶ ታሪኩን የሚተው ሰው የመጽሐፉን ልባድ አድንቆ ሳያነበው እንደሚመልስ ተማሪ ነው።

ደግሞስ ጥፋቱ የዝናብ ከሆነ ባሊንቱበር ስለምን ቆመ? በ1216 የተመሠረተው ይህ ገዳም በ1653 የክሮምዌል ወታደሮች ጣራውን አቃጠሉበት። ሕዝቡ ግን ሰማይን ጣራ አድርጎ ጸሎቱን አላቋረጠም፤ በ1966ም ቤተ ክርስቲያኑ ታድሶ ጣራ ለበሰ። ሆሊክሮስም በ1969 ልዩ ሕግ ወጥቶለት በ1975 እንደገና ለአገልግሎት ተከፈተ። ያልታደሱትን እንኳ ሕዝቡ ፈጽሞ አልተዋቸውም፤ በብዙዎቹ ቅጥር ውስጥ ሙታኑን ሲቀብር ኖሯል። ዝናቡ በሜሊፎንትም በባሊንቱበርም ያው ዝናብ ነው፤ የሚያፈርስም የሚጠብቅም ሰው ነው።

ስለዚህ ጎብኚ ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ማን ሠራው? ማን አፈረሰው? ማን ጠበቀው? መምህርም ለተማሪዎቹ የፍርስራሽ ሥዕል በሚያሳይበት ጊዜ ይህንኑ ያስጠይቅ። «ጊዜ አፈረሰው» ብሎ ማስተማር አፍራሹን ከተጠያቂነት ነጻ ማውጣት፥ ጠባቂውንም ምስጋና መንፈግ ነው። በማናቸውም አገር ቢሆን የጥንት ሕንጻ ጣራ ሲያፈስ እያየ፥ «ምን ይደረግ፥ አርጅቷል» ብሎ መዝገቡን የሚዘጋ ሹም ይህን ክፉ ልማድ የተማረው ከዚሁ አነጋገር ነው።