መቀሱ የት ገባ?



ባለፈው ጁምዓ ሶላት ወጥተን ጫማዬን ስፈልግ አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ ስልኩን ዘረጋልኝ። «ኡስታዝ፣ ይህን ይመልከቱ! ፈረንጆቹ እንኳ ለሙስሊም ሴት ተቆርቁረው ፀጉራቸውን ሲቆርጡ» አለኝ። አየሁት። ቪዲዮው የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ በጥቅምት 2022 የተሰራጨ። ጁልየት ቢኖሽና ማሪዮን ኮቲያርን የመሳሰሉ የፈረንሳይ የፊልም ዝነኞች ካሜራ ፊት ተቀምጠው ከፀጉራቸው ቆንጠር እያደረጉ በመቀስ ይቆርጣሉ። ምክንያቱ በኢራን የሞተችው ማሕሳ አሚኒ ነበረች። ልጁ ልቡ ተነክቷል፤ እኔ ግን ቆሜ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። ይህ መቀስ በገዛ አገሩ ሲፈለግ የት ይገባል?

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ፤ ነገራችንን የሚያጣምም አይጠፋምና። ማሕሳ አሚኒ የ22 ዓመት ወጣት ነበረች። በአለባበሷ ሰበብ በፖሊስ ተይዛ በመስከረም 2022 ቴህራን ውስጥ ህይወቷ አለፈ። ይህ በደል ነው። ሒጃብ የአላህ ትዕዛዝ ነው ብለን የምናምን ሰዎች ሒጃብ በፖሊስ ዱላ ይለበስ ብለን አናውቅም፤ በዱላ የተለበሰ ነገር ኢባዳ አይሆንም። ለማሕሳ ያዘነ ሰው ትክክል አዝኗል። ጥያቄያችን ሐዘኑ ለምን ድንበር ላይ እንደሚቆም ነው። ሴትን በግድ ማልበስ ግፍ ከሆነ በግድ ማስወለቅስ ምን ይባላል?

የፈረንሳይን ታሪክ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን እንየው። በ1989 ከፓሪስ ሰሜን በምትገኘው ክሬይ ከተማ ሦስት ልጃገረዶች ሻሻቸውን አናወልቅም በማለታቸው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚያው ዓመት የተሰጠው የህግ አስተያየት ተማሪ ሃይማኖታዊ ምልክት መልበሷ በራሱ ከሴኩላሪዝም ጋር አይጋጭም የሚል ነበር። የሚገርም አልነበረም። የፈረንሳይ ሴኩላሪዝም መሰረት የሆነው የ1905 ህግ ገለልተኛ እንዲሆን ያዘዘው መንግስትን ነው። መምህሩ፣ ዳኛው፣ ፖሊሱ የመንግስት እጅ ናቸውና ለማንም አያዳሉ አለ። የ13 ዓመት ልጅ ግን የመንግስት እጅ አይደለችም! ህጉ እንዲያውም የመጀመሪያ አንቀጹ ላይ የህሊና ነፃነትን አረጋግጣለሁ ይላል።

ታዲያ ከአስራ አምስት ዓመት በኋላ ምን ተለወጠ? ሃይማኖታችንም አልተለወጠም፤ የ1905ቱም ህግ አልተለወጠም። የተለወጠው ፖለቲካው ነው። በየካቲት 2004 የፈረንሳይ ብሔራዊ ምክር ቤት በ494 ድጋፍና በ36 ተቃውሞ በመንግስት ትምህርት ቤቶች ጎላ ያለ ሃይማኖታዊ ምልክት የሚያግደውን ህግ አሳለፈ። ቀኙም ግራውም እጁን አወጣ። ሊበራሉም፣ ሶሻሊስቱም፣ ወግ አጥባቂውም በሌላው ሁሉ ሲናከሱ ኖረው በአንዲት ልጅ ሻሽ ላይ ታረቁ። የዝነኞቹ ነገር የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። ከድምፁ ሁለት ወር በፊት «ኤል» በተባለው የሴቶች መጽሔት ላይ ስመ ጥር ሴቶች ፈርመው ለፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ሻሽ የሚከለክል ህግ ይውጣልን የሚል አቤቱታ አቅርበው ነበር። በፊርማቸው ከትምህርት ቤት የምትወጣው ልጅ ግን ሐሳቧን የምትፈርምበት መጽሔት አልነበራትም።

ህጉ ሲረቀቅ ሺራክ ያቋቋመው ኮሚሽን ሌላም ምክር ሰጥቶ ነበር፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የአይሁዶች ዮም ኪፑርና የእኛ ዒድ አል አድሃ በትምህርት ቤቶች የበዓል ቀን ይሁኑ ብሎ ነበር። የሚከለክለው ምክር በጥቂት ወራት ውስጥ ህግ ሆነ፤ የሚሰጠው ምክር መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ሴኩላሪዝም ለሁሉም እኩል ነው ለሚሉን ደግሞ አልዛስና ሞዜልን እናሳያቸው። በእነዚህ የምስራቅ ፈረንሳይ አካባቢዎች የ1905ቱ ህግ እስከ ዛሬ አይሰራም፤ የካቶሊክ ቄሱ፣ የፕሮቴስታንት ፓስተሩና የአይሁድ ረቢው ደሞዝ ከመንግስት ካዝና ይከፈላል። የኢማሙ ግን አይከፈልም። እኛ የኢማም ደሞዝ ከማንም መንግስት አንፈልግም፤ እንዲያውም አይድረስብን! ግን የማይታጠፍ መርህ ነው የተባለው ነገር ለሌላው ሲሆን እንደሚታጠፍ ልብ በሉ።

በጥቅምት 2010 ኒቃብ በአደባባይ ተከለከለ፤ ቅጣቱ እስከ 150 ዩሮ። በነሐሴ 2016 የባህር ዳርቻ ከተሞች ከንቲባዎች መላ ሰውነት የሚሸፍነውን የዋና ልብስ አገዱ። ኒስ ከተማ ዳርቻ ላይ የታጠቁ ፖሊሶች ቆመው አንዲት ሴት ከላይ የለበሰችውን ስታወልቅ የሚያሳየውን ፎቶ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ፍርድ ቤቱ በዚያው ወር እገዳውን ቢያነሳም የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማኑኤል ቫልስ፣ የሶሻሊስቱ፣ የከንቲባዎቹ ደጋፊ ነበሩ። ቴህራን ውስጥ ፖሊስ ሴትን «ሸፍኚ» ሲላት አምባገነንነት ነው፤ ኒስ ላይ ፖሊስ «ግለጪ» ሲላት ግን ሪፐብሊኩን ማስከበር ይባላል።

ከዚያ ዓባያው መጣ። የፕሬዚዳንት ማክሮን የትምህርት ሚኒስትር ገብርኤል አታል በነሐሴ 2023 መጨረሻ በቴሌቪዥን ቀርበው ዓባያ ከዚህ በኋላ በትምህርት ቤት አይለበስም አሉ። የአገሪቱ የሙስሊሞች ምክር ቤት ዓባያ ሃይማኖታዊ ልብስ አይደለም ብሎ ቢያስረዳም ሰሚ አላገኘም። እንግዲህ ፍረዱ፤ ሃይማኖት ውስጥ አልገባም የሚል መንግስት የትኛው ቀሚስ ሃይማኖታዊ እንደሆነ ፈትዋ ሰጠ! ሚኒስትሩ ሙፍቲ ሆኑ። ቀሚስ ማለት ቀሚስ ነው፤ ረጅም፣ ሰፊ፣ በየሱቁ የሚሸጥ። ያንኑ ቀሚስ ክርስቲያኗ ተማሪ ብትለብሰው ፋሽን ነው፤ ፋጢማ ስትለብሰው ግን የሪፐብሊኩ አደጋ ይሆናል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የሚለካው የጨርቁን ርዝመት ሳይሆን የልጅቱን ስምና የፊቷን ቀለም ነው ማለት ነው።

መስከረም 4 ቀን 2023 ትምህርት ሲከፈት ሦስት መቶ የሚሆኑ ልጆች ዓባያ ለብሰው መጡ፤ 67ቱ አናወልቅም በማለታቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ይህን ቁጥር የተናገሩት ራሳቸው ሚኒስትሩ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ፍርድ ቤቱ እገዳውን አፀናው። እነዚያ 67 ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ከበር ሲመለሱ የተቆረጠ ፀጉር እኔ አላየሁም፤ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

በዓመቱ ፓሪስ ኦሎምፒክን አስተናገደች። የዓለም እግር ኳስ ማህበር ፊፋ ሒጃብን ከፈቀደ አስር ዓመት አልፎታል፤ የሌላው አገር ሯጭ ሸፍና ትሮጣለች። ለፈረንሳይ የሚሮጡት ግን አይችሉም። የ400 ሜትር የዱላ ቅብብሏ ሯጭ ሱንካምባ ሲላ ለመክፈቻው ስነ ስርዓት መፍትሔ የተገኘላት ፀጉሯን በኮፍያ እንድትሸፍን በመፈቀዱ ነው። ኮፍያ! ያው ፀጉር በኮፍያ ሲሸፈን ገለልተኛ ይሆናል፤ በሻሽ ሲሸፈን ግን ፖለቲካ ነው።

አንዳንድ ወጣቶቻችን «ዝነኞቹ ቢያንስ ይናገራሉ» ይላሉ። እውነት ነው፤ ይናገራሉ። ግን የሚናገሩት ዋጋ በማያስከፍል ቦታ ነው። የፓሪስ ተዋናይት የኢራንን መንግስት ስታወግዝ ፊልም አይሰረዝባትም፤ የሽቶ ማስታወቂያዋ አይቀርም፤ ከገዛ ፕሬዚዳንቷ ጋር አትጋጭም። ጭብጨባ ታገኛለች እንጂ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይህ ነው። በገዛ አገሯ የልጆቹን ነገር ብታነሳ ግን በማግስቱ «የአክራሪዎች ጠበቃ» ትባላለች። ፍትሃዊ ለመሆን፣ ሁሉም እንዲህ አይደለም። በ2022 በህንድ ካርናታካ ሒጃብ የለበሱ ልጆች ከክፍል ሲታገዱ ማላላ ዩሱፍዛይ በግልፅ ተቃውማለች። ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን የአንዷ ንግግር የብዙዎቹን ዝምታ አይሸፍነውም።

መሪዎቹም ከተዋናዮቹ አልተሻሉም። በጥር 2015 በሻርሊ ኤብዶ ጋዜጠኞች ላይ ከተፈፀመው ግድያ በኋላ (ግድያው ወንጀል ነበር፤ ማንም ሙስሊም አልላከውም) ከአርባ በላይ የአገር መሪዎች ፓሪስ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ለንግግር ነፃነት ተሰለፉ። ከሰልፈኞቹ መካከል በየአገራቸው ጋዜጠኛ የሚያስሩ ነበሩ፤ ኔታንያሁም ነበሩ። በጥቅምት 2023 ደግሞ የዚያችው አገር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ለፍልስጤም የሚደረጉ ሰልፎች በሙሉ ይከልከሉ ብለው አዘዙ። ነፃነቱ ለማን እንደተሰራ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

«ይህ የፈረንሳይ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አባት ይኖራል። አገባን እንጂ! በ2017 ዓ.ም አክሱም ላይ ሒጃብ የለበሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከክፍል ታገዱ። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ይግቡ ቢልም በሩ አልተከፈተም፤ የ12ኛ ክፍል ልጆች የብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ተስተጓጎለባቸው፤ በጥር ወር ሙስሊሙ መቐለ ላይ ሰልፍ ወጣ። የሰሃቦች መጠጊያ በሆነችው ምድር ማለት ነው። ከአክሱም በፊትም ቢሆን ባለስልጣኖቻችን «ሴኩላሪዝም» የሚለውን ቃል ሲያነሱ የህገ መንግስቱን አንቀፅ 11 እና 90 ይጠቅሳሉ፤ አንቀፅ 27 ላይ ሲደርሱ ግን ገፁን ይዘሉታል። አንቀፅ 11 መንግስትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። መንግስት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም የሚለውም በዚያው አንቀፅ ውስጥ ነው! የፓሪሱን ትርጉም አስመጥተው በእኛ ህገ መንግስት ላይ እየለጠፉት ነው።

የእኛ አርቲስቶችስ? ለምርጫ ቅስቀሳ መድረክ ላይ የወጡ፣ ቤተ መንግስት ራት ላይ ግጥም ያነበቡ ብዙ ናቸው። ለአክሱም ልጆች ምን እንዳሉ ፈልጋችሁ እዩ። ወጣቶች ሆይ፣ የዘፋኝ ቃል ጠብቃችሁ አትቀመጡ። የልጅቱን ጉዳይ የሚያውቀው በር ላይ የተመለሰችዋ፣ አባቷና የመስጂዷ ኮሚቴ ነው፤ ማመልከቻ የሚፅፈውም፣ ጠበቃ የሚያቆመውም፣ ቀጠሮ ሲራዘም ደጋግሞ የሚመላለሰውም ያው ነው።

የሊል ከተማ ሙስሊሞች ያደረጉት ይህን ነው። «ካልተስማማችሁ የግል ትምህርት ቤት ክፈቱ» ተባሉ፤ በ2003 በኢብን ሩሽድ ስም የአቨሮኤስ ሊሴን ከፈቱ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ እንደሌሎቹ የግል ትምህርት ቤቶች ከመንግስት ጋር ውል ተፈራረሙ። በመላ አገሪቱ ከሰባት ሺህ በላይ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ባለ ውል ይሰራሉ፤ የሙስሊሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአቨሮኤስ የፈተና ውጤት ከአገሪቱ ምርጦች ተርታ ይጠቀስ ነበር። ሆኖም በታህሳስ 2023 የአካባቢው አስተዳዳሪ የትምህርቱን ይዘትና የገንዘብ አያያዙን ምክንያት አድርገው ውሉን አፈረሱ። ወላጆቹ መስኮት አልሰበሩም፤ ዝነኛም አልጠሩም። ገንዘብ አዋጥተው በሩ እንዳይዘጋ አደረጉ፤ መምህራኑ አስተማሩ፤ ክሱ ቀጠለ። በሚያዝያ 2025 የሊል አስተዳደር ፍርድ ቤት የአስተዳዳሪውን ውሳኔ ሻረው፤ ውሉም ተመለሰ።