ለጭቃ ቤት የሲሚንቶ ካባ?

ጎባና ሮቤ በ14 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብለው የተቆረቆሩ የባሌ ደጋ ከተሞች ናቸው። በተለይ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ርእሰ ከተማ በነበረችው በጎባ ዕድሜ ጠገብ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ዛሬም አሉ። በአገራችን የእንዲህ ዓይነቱ ቤት ባለቤት ጥቂት ገንዘብ ሲያጠራቅም ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ግድግዳውን በሲሚንቶ ማስለሰንን ነው። ልስኑ ንጹሕ ነው፤ ቤቱንም ከሩቅ ሲያዩት ብሎኬት ያስመስለዋል። እኛ ግን ይህ ወጪ ቤቱን ከማደስ ይልቅ ያስረጀዋል እንላለን።

በጭድ የተቦካ ጭቃ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሞሉበት ነው። ከመሬት የሚሰርገውን እርጥበትና የምድጃውን እንፋሎት ይመጣል፤ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ያስወጣል። ሲርስ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ ከጭቃው ጋር መንቀሳቀስ አይችልምና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ዝናብ መውጫ ያጣል፤ እንጨት አበስባሽ ፈንገሶች የሚሹትም ይህንኑ ነው። ቋሚውና ማገሩ ከውስጥ ሲበሰብሱ ልስኑ ከውጭ እንዳማረ ይቆያል፤ ባለቤቱ ነገሩን የሚረዳው ግድግዳው ሲያዘነብል ነው። ዓመቱ ሁለት የዝናብ ወቅት ባለው፣ ብርዱም መድረቅን በሚያዘገይበት ደጋ ጉዳቱ ቢከፋ አያስገርምም።

በኖራ የተገነቡት የጎንደር አብያተ መንግሥት በጣልያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ ተጠጋግነው ነበር፤ ኋላ ግን ጥገናው በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያጣል፤ በውሃ ተቦክቶ ከተለሰነ በኋላ ያንኑ ጋዝ ከአየር መልሶ እየወሰደ ይጠነክራል። እንፋሎትንም ያሳልፋል።

ሲሚንቶን አንጠላም፤ ለብሎኬት ግድግዳ ተገቢ ነው። ለጭቃ ቤት ግን አስቀድሞ የጣሪያውን ክፈፍ ማስረዘም፣ የጎርፍ መውረጃ መቆፈር፣ የግድግዳውን ግርጌ በድንጋይ ማስያዝ ይበጃል። ከዚያ በኋላ ኖራ፣ አቅም ካነሰም እበት የተቀላቀለበት ምርጊት ይበቃል።

በሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ። ተማሪዎቹ ሦስት ትንንሽ የጭቃ ግድግዳዎች ሠርተው አንዱን በምርጊት፣ አንዱን በኖራ፣ አንዱን በሲሚንቶ ቢለስኑ፣ ከክረምት በፊትና በኋላም ቢመዝኑ፣ የትኛው ውሃ እንደቋጠረ ሚዛኑ ይነግራቸዋል። ውጤቱ በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ ለከተማዎቹ ለሳኞች እንዲደርስ እንሻለን።