ስብከት ሰምተናል፤ ቃሉን መቼ ተማርን?



«ለጥናት ቤት ለቤት መዞር ድሮ ቀረ፤ እኔ ትምህርቱን በስልኬ እከታተላለሁ» የሚል አማኝ በዝቷል። ኮንፈረንስ ሲጠራ መቆሚያ ይጠፋል። የሳምንቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ግን በብዙ ቦታ ለመሪውና ለሁለት ሦስት እናቶች ቀርቷል። ይህን እንደ ሥልጣኔ የምትቆጥሩ ተሳስታችኋል።

መስማት ሌላ፣ መማር ሌላ። ስልክ «ይህ የት ተጻፈ?» ብሎ አያፋጥጥህም። ያልገባህን ዘለህ ብታልፍ አያውቅብህም። የሚገሥጽህን ሰባኪ በጣትህ ገፋ አድርገህ የሚያስደስትህን ትከፍታለህ። እንዲህ ሲሰማ የከረመ ሰው የገዛ ምኞቱን ሲያዳምጥ ነው የከረመው።

ምሳሌ ልስጥ። ኤርምያስ 29፥11ን የማያውቅ የለም፤ ታክሲ ላይ ተለጥፏል፣ ፕሮፋይላችን ላይ አለ። ቁጥር 10ንስ ስንቶቻችን እናውቃለን? ደብዳቤው የተላከው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው፤ ቁጥር 10 የሚናገረውም ስለ 70 ዓመት ነው። በምዕራፍ 28 ደግሞ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ነገሩ በሁለት ዓመት እንደሚያልቅ ተናግሮ ሕዝቡን በሐሰት አስታምኗል። እንግዲህ ያ የተስፋ ቃል ለችኩል ትንቢት ማርከሻ ነበር። ዛሬ በዚያው ጥቅስ «በዚህ ወር ቤት፣ በሚቀጥለው መኪና» ይታወጅልናል፤ እኛም «አሜን!» እንላለን። ያለውን ሸጦ «ዘር» ብሎ የሰጠ ወንድም ባዶ እጁን ይቀራል። አምስት ሰዎች ምዕራፉን ገልጠው አብረው ቢያነቡ፣ አንዷ እህት «ቁጥር 10ስ?» ማለቷ አይቀርም። ያቺ አንድ ጥያቄ ስንት ቤት ከመፍረስ ታድን ነበር!

«ጥናቱ አሰልቺ ነው፤ መሪውም አይዘጋጅም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ ቦታ አለ። መፍትሔው ግን መሪውን ማሠልጠን እንጂ ቤቱን ባዶ ማድረግ አይደለም።

«ሥራው፣ ትራንስፖርቱ» የምትሉም አላችሁ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ምእመኑ አምስት ሺህ ገደማ ነበር። ሕንፃው ተወረሰ፤ መሪዎች ታሰሩ። የቀረው ነገር በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆኖ፣ ድምፅ ቀንሶ መጸለይና ቃሉን ማጥናት ነበር። ደርግ ወድቆ በሩ ሲከፈት ቁጥሩ ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። ያለ ፖስተር፣ ያለ ድምፅ ማጉያ! እነሱ እስር እያሰጋቸው ተሰበሰቡ፤ እኛን ታክሲ ወረፋ አስቀረን።

የራሳችንን ጃንደረባ አስቡት (ሐዋ. 8)። መጽሐፉ በእጁ ነበር፤ ያነብም ነበር። ሆኖም የሚመራው አስፈለገው፤ ፊልጶስም ሠረገላው ላይ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ባለ ሥልጣኑ ሰው ነቢዩ ስለ ማን እንደሚናገር ለመጠየቅ አላፈረም። መማር ይህ ነው፤ አጠገብህ የሚቀመጥና የምትጠይቀው ሰው ይፈልጋል።

መጋቢዎች ሆይ፣ የጥናቱን ቀን ለኮንፈረንስ አትሠዉት። ሕዝቡ «የት ተጻፈ?» ብሎ መጠየቅን ካልለመደ፣ ነገ ተኩላ ሲመጣ «አሜን» ብሎ ይቀበለዋል።

ወገኖቼ፣ በዚህ ሳምንት ስልኩን ኪሳችሁ ከትታችሁ፣ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጥናት ሂዱ። ደግሞም ጠይቁ!