ጎተራው ሙሉ፣ ኪሱ ባዶ፦ የካናዳ ገበሬና የባቡር ጣጣ

ምርት ከበዛ ገበሬው ያልፍለታል ብለን እናስባለን። ዝናቡ ጥሩ ነበር፣ እህሉ ሰጠ፣ በቃ ዘንድሮ ተገላገለ! ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ እህሉ ገዢው ጋ የሚደርሰው በምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ሲረሳ ምን እንደሚከተል ማየት የፈለገ ሰው የካናዳን ሜዳማ ክፍለ ሀገሮች ይመልከት። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

አልበርታ፣ ሳስካችዋንና ማኒቶባ የካናዳ የስንዴ፣ የካኖላና የምስር አገር ናቸው። ካልጋሪ ወይም ኤድመንተን ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ያ ሜዳ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ሳትሰሙ አትቀሩም። ችግሩ ባሕሩ ሩቅ መሆኑ ነው። ከሳስካችዋን መሐል ተነስቶ ቫንኩቨር ወደብ ለመድረስ ተራራ አቋርጦ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ እህል በከባድ መኪና ማጓጓዝ አያዋጣም። ስለዚህ ያለው አማራጭ ባቡር ነው፤ ባቡሩ ደግሞ በሁለት ኩባንያዎች እጅ ነው፦ ሲኤን እና ዛሬ ሲፒኬሲ የሚባለው የድሮው ካናዲያን ፓስፊክ። አብዛኛው ገበሬ በአቅራቢያው የሚያገኘው ከሁለቱ የአንዱን ሐዲድ ብቻ ነው።

በ2013 መኸር ካናዳ እስከዚያ ድረስ አይታው የማታውቀውን ምርት ሰበሰበች። ስንዴው ብቻ ወደ 37.5 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ ከባድ ብርድም መጣ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሲያልፍ በረጅም ባቡር ላይ የአየር ፍሬኑን ግፊት መጠበቅ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባቡሮቹን ማሳጠር ግድ ይሆናል። አጭር ባቡር ማለት ጥቂት ፉርጎ፣ ጥቂት እህል ማለት ነው። በገጠር ያሉት እህል ተረካቢ ጎተራዎች ሞልተው በራቸውን ዘጉ። ገበሬው እህሉን መሬት ላይ ከመረ። ቫንኩቨር ላይ ደግሞ መርከቦች ባዶ ሆዳቸውን ቆመው ይጠብቃሉ፤ የቆሙበት ቀን ሁሉ ይከፈልበታል።

ታዲያ ሒሳቡን የከፈለው ማን ነው? እዚህ ጋ «ቤዚስ» የሚባለውን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ቤዚስ በዓለም ገበያ ዋጋና ገበሬው እዚያው መንደሩ በሚያገኘው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በደህናው ጊዜ ልዩነቱ የማጓጓዣና የማከማቻ ወጪን ያህል ነው። ባቡር ሲጠፋ ግን ተረካቢው ኩባንያ ተጨማሪ እህል ስለማይፈልግ የሚሰጠውን ዋጋ ይጥላል። ገዢ አገሮች ስንዴውን በደህና ዋጋ እየገዙ ገበሬው በርካሽ ይሸጣል ማለት ነው። የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲው ኢኮኖሚስት ሪቻርድ ግሬይ የገበሬውን ኪሳራ አስልተው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አድርሰውታል። የሚገርመው፣ የባቡር ኩባንያዎቹ ከእህል የሚያገኙት ገቢ በሕግ ጣሪያ ስላለው ልዩነቱ በአብዛኛው የገባው እህሉን ገዝተው ወደ ውጭ በሚልኩት ድርጅቶች ኪስ ነው።

የባቡር ኩባንያዎቹም መልስ አላቸው። በአሥር ዓመት አንዴ ለሚመጣ ምርት ብለን ዓመቱን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሎኮሞቲቭና ፉርጎ አንገዛም ይላሉ። እውነት አላቸው። ግን ደንበኛው ሌላ ጋ መሄድ በሚችልበት ገበያ እንዲህ ያለ ውሳኔ ዋጋ ያስከፍላል። እዚህ ግን ገበሬው የት ይሄዳል? ለመዘግየቱ የሚከፍለው የዘገየው ሳይሆን የጠበቀው ነው። እንግዲህ «ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» የሚለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

መንግሥት በመጋቢት 2014 ጣልቃ ገባ። ሁለቱም ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው በሳምንት 500,000 ቶን እንዲያጓጉዙ፣ ካልሆነ በቀን እስከ 100,000 ዶላር እንዲቀጡ አዘዘ። እህሉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ነገር ግን ትእዛዙ የሚቆጥረው ቶን ብቻ ነበር። ለባቡሮቹ የሚቀለው መስመር ሲመረጥ ወደ አሜሪካ የሚልኩና የአገር ውስጥ ወፍጮዎች ተረሱ። የተሻለው መፍትሔ የመጣው በ2018 ሲሆን ላኪዎች ከባቡር ኩባንያው ጋር በሚገቡት ውል ውስጥ ሁለቱንም ወገን የሚመለከት ቅጣት እንዲያስገቡ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። የዘገየ ይክፈል ነው ነገሩ።

አሁንም ቢሆን አልተቋጨም። በነሐሴ 2024፣ ልክ መኸሩ ሲጀምር፣ ሁለቱም ኩባንያዎች ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ባለመስማማታቸው በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ። መንግሥት ወዲያው ወደ ግልግል ወሰዳቸው። ከወር ገደማ በኋላ የቫንኩቨር የእህል ተርሚናል ሠራተኞች አድማ መቱ። ሠራተኛው ደመወዙንና ዕረፍቱን መጠየቁ መብቱ ነው። ግን ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው፤ ያ ሜዳ ደግሞ ሣሩ ብዙ ነው።

ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል? እኛም ወደብ የለንም። ወጪ ገቢያችን በአብዛኛው የተንጠለጠለው ወደ ጅቡቲ በሚወስድ አንድ ኮሪደር ላይ ነው። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ወደ 750 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከሐዲዱ ርቆ ያለው ገበሬ ግን ዛሬም ዓይኑ ከባድ መኪና ላይ ነው። በየዓመቱ በዜና የምንሰማው ይህን ያህል ሚሊዮን ኩንታል ተመረተ የሚል ነው። ካናዳን የሚያህል ሀብታም አገር እንኳ በኩንታል ብዛት ብቻ ገበሬውን ማዳን አልቻለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስልካችሁ ላይ የሪከርድ ምርት ዜና ስታዩ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። እህሉን የሚያጓጉዘው ማን ነው? ገበሬው ሌላ አማራጭ አለው? ቢዘገይስ የሚከፍለው ማን ነው? መልሱ ሦስቴም ገበሬው ላይ ካረፈ፣ ሪከርዱ የእሱ አይደለም።