የገበያ ተራና የስልክ ገጽ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን ከመድረሱ በፊት ይፋግን ያገኛታል። ዛሬ ለሚያያት በመንገድ ዳር የተቀመጠች መጠነኛ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ጎንደር የወጡ የውጭ አገር ተጓዦች ግን በመጻሕፍቶቻቸው ይፋግን የሚያነሷት ታላቅ ገበያ የሚቆምባትና ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍልባት በር አድርገው ነው። በዚያ ዘመን ጋዜጣ የለ፣ ሬዲዮ የለ፣ ስልክ የለ። ታዲያ አሞሌ የጫነውን፣ እህል ያመጣውን፣ ከብት የነዳውን ያን ሁሉ ሰው ከያገሩ የሚጠራው ምን ነበር? የገበያው ቀን የታወቀ፣ የሻጩም ቦታ የማይለወጥ መሆኑ ነው። ጨው ፈላጊ ወደ ጨው ተራ፣ እህል ፈላጊ ወደ እህል ተራ ይሄዳል፤ ባለፈው ሳምንት የሸጠለትንም ሰው በዚያው ስፍራ ተቀምጦ ያገኘዋል። ያጣው እንደ ሆነ ግን «ምን አገኘው ይሆን?» ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል።

ይህን የድሮ ነገር ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዛሬው ጊዜ ብዙዎቹ የክርስቲያን ቤተሰቦች በትንሽ ንግድ የሚተዳደሩ ናቸው። አንዷ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች፤ ሌላው ሩዝ ያስፈለፍላል፤ ሌላዋ የሀገር ልብስ ታሠራለች። ገበያተኛውም እንደ ቀድሞው በእግሩ ብቻ አይመጣም፤ በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ በኩል ይመጣል። ስለዚህ ልጆች «እማዬ፣ ገጽ እንክፈትልሽ» ይላሉ፤ ገጹም ይከፈታል። የመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ፎቶግራፍ ይወጣበታል፤ በሁለተኛው ወር አልፎ አልፎ ይሆናል፤ ከዚያም ለመስቀል በዓል የወጣው «እንኳን አደረሳችሁ» እስከ ፋሲካ ድረስ ሳይለወጥ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ገጽ ዕቃው ሳይነሣ ባለቤቱ የጠፋበትን መደብ ይመስላል። በእኛ አስተያየት ከቶ ካልተከፈተ ገጽ ይልቅ ተከፍቶ የተተወው ይጎዳል፤ ያየው ሰው ሱቁ ተዘግቷል ብሎ ይፈርዳልና።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ወደ ፎገራ ሜዳ እንውረድ። የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጠጡት ይህ ሜዳ በጣና ዳር የተዘረጋ ሲሆን፣ በክረምት ውኃ ስለሚተኛበት ከቀድሞ ጀምሮ የሚታወቀው በግጦሹና በወተት ላሞቹ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እርዳታ የሩዝ ዘር ተሞከረ፤ ገበሬውም ከጅግና መንደር ስም ጋር አያይዞ ኤክስ ጅግና እየተባለ የሚጠራውን ዘር ወዶ ያዘው። ዛሬ ሩዝ በፎገራ ለሽያጭ ብቻ የሚመረት አይደለም፤ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፤ ወረታም የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል መቀመጫ ሆናለች። ከተማዋ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚለያዩባት ስለ ሆነች፣ ለሻጭ ከዚህ የተሻለ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም።

እንግዲህ በወረታ ከገበሬ ሩዝ ገዝታ፣ አስፈልፍላና አበጥራ የምትሸጥ አንዲት እናት እናስብ። ልጇ ባሕር ዳር ሆና ገጹን ትጠብቃለች። ዋጋው በገጹ ላይ የተጻፈው በታኅሣሥ፣ ምርቱ ገና ከአውድማ ሲገባ ነው፤ አሁን ሐምሌ ነው፤ ዋጋው ተለውጧል። ጎንደር ያለ ደንበኛ የድሮውን ዋጋ አይቶ ለሠርግ የሚሆን ሩዝ ይጠይቃል፤ ልጅቷ «አለ» ትለዋለች፤ እናት ስልኩን ስታነሣ «በዚያ ዋጋማ የለም» ትላለች። እናት አልዋሸችም፤ ልጅም አልዋሸችም። ደንበኛው ግን የሰማው ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ቃላት ነውና ሁለተኛ አይመለስም። በቤቱም ውስጥ «ያንቺ ስልክ አዋረደኝ»፣ «አንቺ መቼ ነገርሽኝ» የሚል ክርክር ይነሣል። ይህን ለማስቀረት ትልቅ ጥበብ አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከገበያው ቀን በፊት ባለው ምሽት፣ እናትና ልጅ አምስት ደቂቃ በስልክ ተነጋግረው ያለውን፣ ያለቀውንና የዕለቱን ዋጋ ቢስማሙበት ይበቃል። ዋጋውም በገጹ ላይ ሲጻፍ ቀኑ አብሮ ይጻፍ፤ ቀን ያልተጻፈበት ዋጋ ሁልጊዜ የዛሬ ዋጋ ይመስላልና።

ቀጥሎ የምናነሣው የስም ነገር ነው፤ በዚህም ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። በስልክ ገበያ ግን ስም ከመዋሉ በፊት መገኘት አለበት። የሱቁ ሰሌዳ «ሠላም የባልትና ውጤቶች» ይላል፤ ፌስቡኩ «ሰላም ባልትና» ይላል፤ ቴሌግራሙ ደግሞ የልጁን ቅጽል ስም ይዟል። የፊደላችን ጠባይ ደግሞ እዚህ ላይ ይፈትነናል። በንባብ አንድ የሆኑት ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ፣ ለኮምፒዩተር እያንዳንዳቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ስለዚህ በእሳቱ ሰ የሚፈልግ ሰው በንጉሡ ሠ የተጻፈውን ሱቅ ብዙ ጊዜ አያገኘውም። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ባሰ፤ ወረታን እንኳ ሰዎች በሁለትና በሦስት ዐይነት አጻጻፍ ይጽፏታል። ስለዚህ ቤተሰቡ ተመካክሮ አንድ አጻጻፍ ይምረጥ፤ ቢቻል የቃሉን ሥር የሚያውቅ የቅርብ መሪጌታ ቢጠየቅ መልካም ነው፤ ያንኑም በሰሌዳው፣ በማኅተሙ፣ በከረጢቱና በገጾቹ ሁሉ ላይ ሳያዛንፍ ያውለው። ሌላው አጻጻፍ በገጹ መግለጫ ውስጥ ቢጨመር፣ በእርሱም የሚፈልግ ሰው ሱቁን ያገኘዋል። የስልክ ቁጥሩም እንዲሁ በሁሉም ቦታ አንድ ይሁን።

የሰዓትና የቀን አቈጣጠራችንም እንደ ፊደላችን ለባዕድ መሣሪያ የማይገባ ነገር አለው። ሱቁ ከጧቱ 2 ሰዓት ይከፈታል ብሎ በገጹ ላይ 2 ቁጥርን ያስገባ ሰው፣ በሌሊቱ 8 ሰዓት እከፍታለሁ ማለቱ ነው፤ መሣሪያው የሚያውቀው በፈረንጅ አቈጣጠር ነውና 8 ብሎ ማስገባት ይገባዋል። ለሰው ዐይን በሚጻፈው መግለጫ ግን «ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» ብሎ በእኛው አገር ልማድ ይጻፍ። ዕቃ የሚደርስበት ቀን ሲነገርም በውጭ አገር ላለ ዘመድ ሁለቱንም አቈጣጠር መጻፍ ከብዙ ንትርክ ያድናል።

ወደ ፎቶግራፉ እንምጣ። ሩዝ አንድ ዐይነት አይደለም፤ ሙሉ ፍሬ አለ፣ ስባሪ የበዛበት አለ፣ የተበጠረና ያልተበጠረ አለ። ከሌላ ሰው ገጽ ነጭ ሩዝ ቀድቶ ለጥፎ ስባሪውን መላክ፣ ወይም ፎቶግራፉን በስልኩ ብልሃት ማንጣት፣ ከሚዛን በታች ጣትን ከማስገባት በምን ይለያል? መጽሐፈ ምሳሌ ሐሰተኛውን ሚዛን የነቀፈው፣ ነቢዩ አሞጽም መስፈሪያውን የሚያሳንሱትን የገሠጸው ስለ ብረትና ስለ እንጨት ብሎ አይደለም፤ ስለሚታለለው ድሃ ነው። ዛሬ የስልኩ ሥዕል መስፈሪያ ሆኗል። ስለዚህ ሻጩ የራሱን ዕቃ፣ በጧት ብርሃን፣ በራሱ መዳፍ ወይም በራሱ ስፌት ላይ አድርጎ ያንሣ። ስባሪውን ስባሪ ብሎ በዝቅተኛ ዋጋ ይሽጠው፤ ለገንፎና ለዱቄት የሚፈልገው ሞልቷል።

ዋጋን በሚመለከት ደግሞ አንድ የማንወደው ልማድ አለ። ሰው «ስንት ነው?» ብሎ በአደባባይ ሲጠይቅ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይባላል። ይህ ለምን እንደሚደረግ እናውቃለን፤ ገዢውን አይቶ ዋጋ ለመቁረጥ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ደንግጓል። በሱቁ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ የሚገባው ነገር በስልክ ገጽ ላይ የሚደበቅበት ምክንያት አይታየንም።

ስንት ጊዜ ማስታወቂያ ይውጣ? ለዚህ ከማናቸውም የንግድ መምህር ይልቅ የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቈጣጠር የበለጠ ያስተምራል። ቅቤና ወተት የሚሸጥ ሰው በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ገበያው እንደሚተኛ ያውቃል፤ ሽሮ፣ ምስርና በርበሬ የሚሸጠው ደግሞ በዚያው ጊዜ ይበረታል። ከጾመ ነቢያት፣ ከዐቢይ ጾምና ከፍልሰታ በፊት ባለው ሳምንት ለጾሙ የሚሆነውን ማሳወቅ፣ በበዓል ዋዜማ ደግሞ ለፍስኩ የሚሆነውን፤ በቀረው ጊዜ በየሳምንቱ በአንድ የታወቀ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ። ይህን ዓመቱን ሙሉ የጠበቀ ሰው በየቀኑ አሥር ጊዜ ጮሆ ከሚጠፋው ይልቅ ይታወሳል። ሦስት ገጽ ከፍቶ ሦስቱንም ከማስራብ አንዱን ይዞ መቀለብ ይሻላል፤ ለሚጠይቅ ሰውም በዚያው ቀን መልስ ይሰጠው፣ መልሱ «አልቋል» ቢሆንም እንኳ።

በዚህ አጋጣሚ ሁለት ነገር ጣል እናድርግ። በሰንበት ማስታወቂያ ማውጣት ይገባል ወይ የሚሉ ሰዎች አሉ። ቴሌግራም ጽሑፍን አስቀድሞ አዘጋጅቶ በተወሰነለት ሰዓት ራሱ እንዲልከው የሚያደርግ መሣሪያ ስላለው ሥራው ዐርብ ማታ ሊያልቅ ይችላል፤ እኛ ግን በሰንበት ጧት ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ የሽንኩርት ዋጋ በስልኩ ባይጠብቀው እንመርጣለን። ሁለተኛው፣ የእመቤታችንን ወይም የቅዱሳንን ሥዕል ከዕቃ ዋጋ ጋር አንድ ላይ መለጠፍ ነው። በዓሉን ለማክበር ታስቦ ይሆናል፤ ነገር ግን ሥዕሉ የሚሳለሙት እንጂ ደንበኛ የሚጠሩበት አይደለም። መልካም በዓል ለማለት የአደይ አበባ ይበቃል።

ስለ ክፍያም ጥቂት እንበል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ በትንንሽ ከተሞችም ተለምዷል። ላኪው ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ያያል፤ ሱቁ በአንድ ስም፣ ቁጥሩ በሌላ ሰው ስም ከሆነ ይጠራጠራል፤ ስለዚህ ስሙን አስቀድሞ መንገር ነው። ሻጩም የደረሰኝ ፎቶግራፍ ስለ ታየው ብቻ ዕቃ አይስደድ፤ በራሱ ሒሳብ መግባቱን ይመልከት።

የመጨረሻው ነገር ገጹ የማን ነው የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በልጅ ስልክ ቁጥር ነው። ልጅ ያገባል፣ አገር ይለውጣል፣ ስልኩ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ደንበኛ የተሰበሰበበት ገጽ ከነመቈለፊያው ይሄዳል። ስለዚህ ገጹ በንግዱ ባለቤት ቁጥር ይከፈት፤ ሁለተኛ ኀላፊ በቤተሰቡ ውስጥ ይሾም፤ የምስጢር ቃሉም እንደ ንግድ ፈቃዱ በሣጥን ይቀመጥ።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። ንግዳቸውን በስልክ ገጽ ላይ ብቻ ያቆሙ ሰዎች ደንበኞቻቸውን በአንድ ጊዜ አጡ፤ የደንበኞቻቸውን ቁጥር በደብተር የጻፉት ግን ተራው የስልክ መስመር በሠራበት ጊዜ ሁሉ ደውለው ይሸጡ ነበር። እንግዲህ በመደርደሪያው ላይ፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣ አንድ ደብተር ይኑር፤ የደንበኛው ስም፣ ቁጥሩ፣ የሚኖርበት ከተማ፣ የወሰደው ዕቃ ዐይነትና ቀኑ ይጻፍበት። ልጅ ገጹን ስትጠብቅ እናት ደብተሩን ትጠብቅ፤ በወሩ መጨረሻም ሁለቱን አስተያይተው አዲስ የመጣውን ደንበኛ ከገጹ ወደ ደብተሩ ይገልብጡ።