የሌላ ሰው ዓይን የሚያሻው ምስጢር

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላል ያገሬ ሰው። ምስጢር ሦስተኛ ሰው የገባበት ዕለት ምስጢርነቱ ያበቃል። እንግዲያስ ዓይነ ስውሩ የኮምፒውተር ተጠቃሚ የኢሜይል መልእክቱን በምስጢር ኮድ ለመቆለፍ «እባክህ አንድ ጊዜ እይልኝ» ብሎ ጎረቤት የሚጠራ ከሆነ፣ ያ መቆለፊያ መቆለፊያ ሊባል ይገባዋልን? ፈጽሞ አይገባውም።

«ዓይነ ስውር ደግሞ ምን ምስጢር አለው?» የሚሉ አሉ። በአፋቸው ባይሉት በሥራቸው ይሉታል። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ይህን አመለካከት በየጊዜው አየዋለሁ፤ ዓይነ ስውር ደንበኛ ስለ ገንዘቡ ሲጠይቅ መልሱ የሚነገረው እጁን ይዞ ላመጣው ሰው ነው። ብዙዎች ይህን ደግነት ይሉታል፤ እኔ ግን ንጥቂያ እለዋለሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው ደብዳቤ፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነት እንዳይደፈር ሲደነግግ የሚያዩትን ከማያዩት አልለየም።

ሌሎች ደግሞ «ነገሩ በባሕርዩ የዓይን ሥራ ነው» ይላሉ። ሐሰት ነው። ፊል ዚመርማን እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው ፒጂፒ የተሰኘ ፕሮግራም የቆመው በሒሳብ ላይ ነው፤ ሒሳብ ደግሞ ዓይን አይጠይቅም። በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነቡ፣ ስክሪን ሪደር የተባሉ ፕሮግራሞችም አሉ። ከእነዚህ አንዱን፣ በነፃ የሚታደለውን ኤንቪዲኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው አውስትራሊያዊው ማይክል ከራን ራሱ ዓይነ ስውር ነው።

እንቅፋቱ ያለው በሒሳቡ ላይ በተለጠፈው ገጽ ነው። ሠሪው ስም ያልሰጠውን አዝራር ስክሪን ሪደሩ «አዝራር» ብሎ ብቻ ያልፈዋል፤ ይቆልፍ ወይም ይክፈት አይናገርም። የመልእክቱ መቆለፍ በአንዲት ትንሽ ሥዕል ቀለም ብቻ የሚገለጽ ከሆነ፣ ዓይነ ስውሩ ምስጢሩን ገልጦ ልኮ የቆለፈ ይመስለዋል። ይህ መቆለፊያ ከማጣት የከፋ ነው፤ መቆለፊያ የሌለው ሰው ይጠነቀቃልና።

«ይህ ለዓይናማውም ከባድ ነው» የሚለው ማመካኛ አንድ ሰሞን እውነት ነበረው። ዊተንና ታይገር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ፒጂፒን ከሞከሩት 12 ሰዎች በ90 ደቂቃ ውስጥ መልእክት በትክክል ፈርመው መቆለፍ የቻሉት ሲሶው ብቻ ነበሩ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ዋትስአፕ ተጠቃሚው ምንም ሳይደክም መልእክቱ እንዲቆለፍለት አደረገ። ሲግናልም የግንኙነቱን ደኅንነት ለማረጋገጥ፣ በካሜራ ከሚነበበው ኪውአር ኮድ ጎን 60 አሃዞችን አኖረ፤ አሃዝ ደግሞ በጆሮ ይሰማል። ስለዚህ የጎደለው ፈቃድ እንጂ ችሎታ አይደለም።

ቅኔ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሊዘገይ አይገባውም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ስውራን መምህራን በሰሙ ውስጥ የተሸሸገውን ወርቅ በጆሯቸው ሰምተው ሲፈቱ ኖረዋል። የተሰወረን ለመፍታት ጆሮና ልቡና ከበቁ፣ ለመሰወርም ይበቃሉ። ፕሮግራም የምትሠሩ ወገኖቼ ሆይ፣ ለአዝራሩ ስም ስጡት፤ ቀለሙ የሚናገረውን በቃልም አስነግሩት፤ ሥራችሁን ለሕዝብ ከማቅረባችሁ በፊት ስክሪኑን አጥፍታችሁ በጆሯችሁ ብቻ ሞክሩት። ያን ጊዜ እናንተም «እይልኝ» የምትሉት ሰው ካሻችሁ፣ የሠራችሁት መቆለፊያ አይደለም።