ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው

በ2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ ልማት ሲባል በውኃ ዳር የተሠራ ማረፊያ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ከሦስቱ መርሐ ግብሮች አንዱ የሆነው ኮይሻ የሚገኘው በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ነው። እንግዲህ ሚዛንና ቴፒ «ለእኛስ?» ብለው ቢጠይቁ ማን ይፈርድባቸዋል? በሁለቱም ከተሞች የዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ ወጣት ሞልቷል፤ መናፈሻ ግን ብርቅ ነው። መዝናናት የባለጸጋ ቅንጦት ነው ከሚሉት ወገኖች ጋር ይህ ጸሐፊ አይስማማም።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። ጎርጎራ ጣናን፣ ወንጪም ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ሐይቁን ይዘው ተነሡ። ሐይቅ የሌለው ከተማ ግን ሊቆፍር ነው፤ የሚቆፍር ደግሞ ከሁሉ በፊት መሬት ይመርጣል። የፖለቲካው ጥያቄ የሚጀምረውም በዚህ ምርጫ ላይ ነው።

የቡና አገር አፈር ቀይና ጥልቅ ነው። ቡና የሚወደውም ውኃ ስለማያቁርበት ነው። ለቡና የተመቸው ይኸው ባሕርይ ለኩሬ አይበጅም፤ ወለሉ በሸክላ አፈር ካልተጠቀጠቀ ወይም በሌላ ነገር ካልተነጠፈ የክረምቱን ውኃ በጋ ሳይጋመስ ይውጠዋል። በራሱ ውኃ የሚይዘው መሬት ከሸለቆ ግርጌ የተኛው ረግረግ ነው። መሐንዲስም ሆነ ሹም ዓይኑን የሚጥለው በዚህ ላይ ነው፤ በካርታ ላይ «ባዶ መሬት» ይመስላልና። ባዶ ግን አይደለም። የበጋ ሣር ከዚያ ይታጨዳል፤ ጎርፍን አርግቦ ወንዙን የሚመግበውም እርሱ ነው።

ረግረጉ ቢቀር ያለው የገበሬው የቡና ማሳ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አርሶ አደሩን ከመሬቱ ከመነቀል ይጠብቀዋል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በበኩሉ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይዞታ እንዲለቀቅ ይፈቅዳል፤ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘም ከቀደሙት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈል ያዝዛል። በወረቀት ላይ ሲታይ ብዙ ነው። የቡና ዛፍ ግን ለልጅ የሚወረስ ሀብት ነው፤ ካሳ ግን በከተማ ኑሮ ውድነት ስንት ዓመት ይዘልቃል? ለመሆኑ መግቢያው በገንዘብ የሆነ፣ ዳርቻው ለሆቴል የተሰጠ ኩሬ «የሕዝብ ጥቅም» ሊባል ይችላልን? የቢሾፍቱን ሐይቆች ዳርቻ ያየ ሰው መልሱን አያጣውም፤ ውኃው የሁሉ ነው ቢባልም ወደ ውኃው የሚያደርሰው በር የጥቂቶች ነው።

ጤናውም አለ። ሚዛንም ቴፒም ከ1,500 ሜትር በታች፣ በወባ ቀበሌ ውስጥ ናቸው። በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም እ.ኤ.አ. በ1999 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በትግራይ ከትናንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ ሰባት እጥፍ ያህል በወባ ይያዙ እንደነበር አሳይተዋል። ትንኝ የምትራባው በዳርቻው ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ በከብት ኮቴና በሣር መካከል ነው። ስለዚህ ቀጥ ያለ ዳርቻ፣ ዘወትር የሚታጨድ ሣርና ከመንደር መራቅ ከዕቅዱ የማይነጠሉ ጉዳዮች ናቸው።

ታዲያ አይሠራ ማለት ነውን? አይደለም። ለመንገድና ለግንባታ አፈር የተዛቀባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ ጎርፍ የቦረቦራቸው ሸለቆዎችም አሉ። ሰፊ ቦታ ካስፈለገ ደግሞ እንደ በበቃ ካሉት ሰፋፊ እርሻዎች ያልለማ ጥግ መጠየቅ ከአንድ ሄክታር ገበሬ ከመንጠቅ ይሻላል። በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት በሚዛን ዙሪያ፣ ትርፉን ውኃ የሚያወጣ በቂ ማስተንፈሻ የሌለው ኩሬ የግርጌው ነዋሪ ጠላት ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሕዝብ አስተያየቱን እንዲሰጥ ያዝዛል። አስተያየቱ ግን መጠየቅ ያለበት ቆፋሪው ከመግባቱ በፊት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? በ1994 ዓ.ም. በቴፒ «ማን ያስተዳድረን?» የሚለው ጥያቄ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጥፏል። በዚያ ምድር መሬት መስጠትና መንሣት ተራ የከተማ ፕላን ሥራ ሆኖ አያውቅም። ኩሬ ሊቆፍር የተነሣ ሹም ቦታውን፣ የተነሺዎቹን ስምና የዳርቻውን ባለቤት አስቀድሞ በአደባባይ ይለጥፍ። ይህን ማድረግ የሚያስፈራው ዕቅድ ካለ፣ መቆፈር የሌለበት እርሱ ነው።